ስለ ጋሼ መኳንንትና ከጭስ ማውጫው ስለወደቀው ጡብ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ማህደር አየለ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ግሬፕቫይን በሚገኝ ሆቴል የድግስ አዳራሽ ተቆጣጣሪ
አድራሻ፦ ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሜይ 12 ቀን 2015
ቃሉን ተቀብሎ በአማርኛ የጻፈው፦ የፖሊስ መኮንን ካሌብ በየነ
ጉዳዩ፦ አቶ መኳንንት ገብረመድኅን፣ ዕድሜ 73፣ በአደገኛ መሣሪያ ሰው አስፈራርተዋል ተብለው ስለተከሰሱበት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም «ተይ ይቅርብሽ» ያሉኝን ሰዎች ሁሉ ትቼ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ንዴቴም አብሮ እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ መኮንን ካሌብ «ፎርሙ ላይ ለንዴት የተተወ ቦታ የለም» ስላለኝ፣ ቃሉ ውስጥ እንዳለ ይታወቅልኝ።

ተከሳሹን አቶ መኳንንትን አሥራ ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። የሥጋ ዝምድና የለንም። ካሮልተን ባለችው የአማርኛ ቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ መኳንንት ነው የምንላቸው። ባልና ሚስት ተጣልተው ጠበቃ ሊይዙ ሲሉ ጠበቃውን ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የእኔንም ትዳር ሁለት ጊዜ አስታርቀዋል፤ በሦስተኛው ራሳቸው «ልጄ፣ ይኼስ ይቅር» ብለው ገላገሉኝ። አንድም ቀን እጃቸውን በሰው ላይ ሲያነሡ አላየሁም። እዚህ አገር የሚኖሩት በግሪን ካርድ ነው። በዚህ ክስ ከተፈረደባቸው ከመታሰራቸውም በላይ ከአገር ሊባረሩ እንደሚችሉ ጠበቃቸው ነግሮናል። ሚስታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ያሉት እዚህ ነው። ይህን አስቀድሜ ያስጻፍኩት፣ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል ሳይታወቅ ቃሌ እንዳይነበብ ብዬ ነው።

የነገሩ መነሻ የጋዝ ኩባንያው ጉድጓድ ነው። ሬድ ሄረን የሚባለው ኩባንያ ከሰፈራችን ከሃይዌዩ ማዶ ጋዝ አያወጣም፤ ሌሎች ጋዝ ሲያወጡ አብሮ የሚወጣውን ጨዋማ ቆሻሻ ውኃ በቦቴ እያመጣ በግፊት መልሶ ወደ መሬት ውስጥ ይከታል። ሥራ የጀመረው ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። በጸደዩ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ቤድፎርድ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ሲኒ እንኳን ከመደርደሪያዬ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። መጀመሪያ ትልቅ መኪና ያለፈ መሰለን። ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያው ነው አልን። በኋላ ግን ልብስ ማጠቢያው ጠፍቶ፣ መኪናም ሳያልፍ፣ የሳሎኑ መብራት እንደ ዥዋዥዌ ሲወዛወዝ የምንለው አጣን።

ፓስተራችን አንድ እሑድ ስብከቱ መሐል ወለሉ ሲንቀጠቀጥ «እግዚአብሔር እየጎበኘን ነው!» አለና ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ጋሼ መኳንንት ከፊት ወንበር ላይ ሆነው «ፓስተር፣ እግዚአብሔርማ ሲጎበኝ በበር ይገባል፤ ግድግዳ እየሰነጠቀ አይመጣም» አሉት። ሕዝቡ ሳቀ። ፓስተሩ ስብከቱን አሳጠረ። ያን ቀን እኛ ሳቅን እንጂ፣ የቤተክርስቲያኑ የምሥራቅ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚህ መንቀጥቀጥ የተጎዳችው ወ/ሮ ዓለምጌጥ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የምትተዳደረው ሹሩባ በመሥራት ነው። ከቤድፎርድ እስከ ካሮልተን ያለች የሐበሻ ልጅ ሁሉ ለፋሲካ ተሠርታ የምትወጣው ከእትዬ ዓለምጌጥ ጋራዥ ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቆሻሻ ልትጥል በጓሮ በር ስትወጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከጣራው ላይ የጭስ ማውጫው ጫፍ ተገንጥሎ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ጩኸቷን ሰምቼ በአጥሩ ዘልዬ የደረስኩት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ አጥር እንደዘለልኩ አሁንም አላምንም። ሦስት ጡብ በሲሚንቶ እንደተያያዘ አጠገቧ ተጋድሞ ነበር። አጥንቷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡላት። ዛሬ በቀኝ እጇ ማበጠሪያ ከትከሻዋ በላይ ማንሣት አትችልም።

ከዚያ በኋላ ያልደወልንበት የለም፤ እንግሊዝኛው ይቀለኛል ብዬ ሁሉንም ኮል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ኢንሹራንሷ የመሬት መንቀጥቀጥ ውል ውስጥ የለም አለ። ከተማው ጉዳዩ የስቴቱ ነው አለ። ስቴቱ ማስረጃ አምጡ አለ። ኩባንያው ደግሞ «በጉድጓዳችንና በተባለው ንዝረት መካከል ግንኙነት መኖሩ አልተረጋገጠም» የሚል ወረቀት ላከ። የተባለው ንዝረት! ሴትዮዋ ትከሻዋ ውስጥ ብረት ይዛ ቁጭ ብላ፣ ሰዎቹ የተባለው ይላሉ። መኮንን ካሌብ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እንድናገር ጠይቆኛል፤ ቀስ ብያለሁ።

ኤፕሪል 23 ቀን ማታ ኩባንያው ለሰፈሩ ሰው ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው የተደረገው እኔ በምሠራበት ሆቴል አዳራሽ ስለነበር ተረኛ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የተናገረው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዳልተን ሪቭስ ነው። የቴክሳስ አፈር ሸክላ ስለሆነ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ቤት የሚሰነጠቀው በዚህ ነው አለ። የሚያስገቡትም ውኃ ከመሬት የወጣ ስለሆነ ወደ ቤቱ መመለሳቸው ነው አለ። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ «ወደ ቤቱ ሲመለስ የእኔን ቤት ለምን ያፈርሳል?» ብለው ሲጮሁ አዳራሹ በጭብጨባ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ በእጄ የነበረውን የውኃ ጆግ ሚስተር ሪቭስ ራስ ላይ ሳልገለብጥ መመለሴ የሥራ ሥነ ሥርዓቴን ያሳያል።

ስብሰባው ሲያልቅ እትዬ ዓለምጌጥ እጇን በጨርቅ አንግታ ወደ ሚስተር ሪቭስ ቀረበች። እሱም ግራ እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዐይን ዐይኗን እያየ፣ ስለደረሰባት ነገር በጣም እንደሚያዝን ነገራት። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዓለምጌጥ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ወር ማንም ሰው አዝናለሁ ብሏት አያውቅማ!

በማግስቱ፣ እሑድን እንኳን ሳትጠብቅ፣ ይህን ለጋሼ መኳንንት ነገረቻቸው። እኔም ነበርኩ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አዝናለሁ አለ? በራሱ አፍ?»

«አዎ ጋሼ፤ እጄን ይዞ።»

«እንግዲያው ሰውየው ጥፋቱን አውቋል። የቀረው የሚያስታርቅ ሰው ነው።»

እኔ በበኩሌ፣ እዚህ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ ሲያጋጩም እንዲሁ እንደሚሉ ነግሬያቸው ነበር። ጋሼ ግን «ላልበደላት ሴት እጅ ይዞ የሚያዝን ማን ነው? ልጅ ማህደር፣ ሰውየውን አትናቂው» አሉኝ። ሽምግልና እንሄዳለን ብለው ወሰኑ። ሁለተኛ ሽማግሌ አድርገው የመረጡት አቶ ሸምሱን ነው። ጋሽ ሸምሱ የኤርፖርት ቫን ሹፌር ናቸው፤ የእኛ ቤተክርስቲያን ሰው ሳይሆኑ ሙስሊም ናቸው፤ ለሽምግልና ግን ከሁሉም ወገን ሰው ሲኖር ነገሩ ይከብራል። ደግሞም ሚስተር ሪቭስን ከኤርፖርት ወደ ቤቱ አድርሰውት ስለሚያውቁ ቤቱን ያውቁታል። «ሻንጣውን በር ድረስ አስገብቼለታለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ልጆቼ ጠይቆኛል» አሉ።

መኮንን ካሌብ እዚህ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ልማዱን እንዳስረዳ ጠይቆኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው እርቅ ሲፈልግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የበደለው ሰው ፊት ይቀርባል። ድንጋዩን ራሱ አያወርድም። የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። ተበዳዩ ድንጋዩን አንሥቶ ይቅር ብያለሁ ካለ፣ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንሣት ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ጡቡን ይዘው የሄዱት ሚስተር ሪቭስን ሊመቱበት ሳይሆን ሚስተር ሪቭስ እንዲሸከመው ነው። ድንጋይ ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ኩባንያው ራሱ ከጣራ ላይ ጥሎልናል።

ሜይ 2 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በዚህ አገር ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኔ መኪና ግሬፕቫይን አካባቢ ሚስተር ሪቭስ ቤት ደረስን። ሽማግሌ የሚሄደው በጠዋት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። የእንግዳ ነገር ስለሆነ በረንዳው ፊት ሳይሆን መንገዱ ዳር ፓርክ አደረግሁ። ጋሼ መኳንንትና ጋሽ ሸምሱ ሙሉ ልብስ ከነክራባታቸው ለብሰዋል። ጡቡ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። እትዬ ዓለምጌጥ መኪና ውስጥ ቀረች፤ ተበዳይ ተለምና ነው እንጂ ለምና አትገባም።

ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ። ሚስተር ሪቭስ በቁምጣ ወጣ። ጋሼ እጅ ነሡ። ጡቡን ከፎጣው አውጥተው ሣሩ ላይ፣ ከበሩ ራቅ አድርገው አስቀመጡ። እሱም በረንዳው ላይ ቁጭ በሉ አለ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ውኃ ላምጣላችሁ አለ። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንጠጣም አሉ። በኋላ እንዳየሁት ለፖሊስ በሰጠው ቃል «ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ውኃ ብሰጣቸው እምቢ አሉ፤ ሂዱ ብላቸውም አልሄዱም» ብሏል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለእኛ ይህ አክብሮት ነው፤ ለእሱ ወንጀል ሆኖ ተጻፈ።

እኔ ያስተረጎምኩት እንዲህ ነው፦ ገንዘብ አንፈልግም፤ ክስ አንፈልግም፤ ይህ ጡብ የወደቀው ወ/ሮ ዓለምጌጥ ትከሻ ላይ ነው፤ አንተ ተሸክመኸው እስከ መኪናው ድረስ ና፤ እሷ ታወርድልሃለች፤ ከዚያ አብረን ቁርስ እንበላለን፤ ጉድጓዱንም ስለ መዝጋት እንደ ዘመድ እንነጋገራለን። ሚስተር ሪቭስ ፈገግ አለና «ይህን ነገር ከጠበቆቼ ጋር መነጋገር አለብኝ» አለ። ጋሼ ምን አለ ሲሉኝ ነገርኳቸው።

«ጠበቃ ድንጋይ ይሸከምለታል እንዴ?» አሉ። ጋሽ ሸምሱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ይህ ሳቅ በሚስተር ሪቭስ ቃል ውስጥ «እየተሳሳቁ ያስፈራሩ ነበር» ተብሎ ተተርጉሟል።

ጋሼም ሰውየው ያልገባው መስሏቸው «እንዴት እንደሚደረግ አያውቅ ይሆናል፤ ላሳየው» አሉ። ጡቡን ከሣሩ አንሥተው በጫንቃቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። በበሩ ካሜራ ከተቀረጸው ውስጥ ኩባንያው በየቴሌቪዥኑ ያስበተነው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ጡብ ወደ ላይ ሲያነሣ። ከዚያ በፊት እጅ ሲነሡ የሚታየው ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ሲሉ የሚታየውም ተቆርጧል። ቪዲዮው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከነድምፁ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ሚስተር ሪቭስ «ሂዱልኝ» ብሎ በሩን ዘግቶ ገባ። ጋሼ ጡቡን እንደተሸከሙ «ይወጣና ይቀበለኛል» ብለው ጠበቁት።

እሱ ግን አልወጣም፤ የመጣው ፖሊስ ነው። ሁለት ነበሩ። መሣሪያቸውን አወጡ። «ጣለው! ጣለው!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እኔም «ጋሼ ይጣሉት፣ ይገድሉዎታል!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ቀና ሳይሉ፣ በዚያች በተለመደች ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«ልጅ ማህደር፣ ተበዳይዋ ሳታወርደው እኔ ካወረድኩት ነገሩ ይፈርሳል።»

«የምን ነገር ነው ጋሼ! ሽጉጥ እኮ ነው!»

«አየሁት። ስትጮሂ ደግሞ እነሱም ይደነግጣሉ፤ ዝም በይ።»

ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው በከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። እትዬ ዓለምጌጥ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሣሩን አቋርጣ መጣች። አንዱ ፖሊስ መሣሪያውን ወደ እሷ አዞረ። «እጅሽን አንሺ!» ሲላት ግራ እጇን አነሣች። ቀኟንም እንድታነሣ ጮኸባት። አይነሣም! ለዚህ አይደል የመጣነው? እኔ እንደ እብድ «ትከሻዋ ተሰብሯል! ትከሻዋ ተሰብሯል!» እላለሁ። እሷ አልቆመችም። ጋሼ ፊት ደርሳ በግራ እጇ ጡቡን ከጫንቃቸው ገፋችው፤ ሣሩ ላይ ወደቀ። «ይቅር ብያለሁ» አለች። ጋሼም በካቴና እየታሠሩ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት። ጉልበታቸው ላይ ሲያንበረክኳቸው መነጽራቸው ተሰበረ። ማንንም አልተሳደቡም። የተሳደብኩት እኔ ነኝ፤ ያልኩትን በሙሉ ለመድገም ዝግጁ ነኝ ስለው መኮንን ካሌብ አያስፈልግም ብሎኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዓለምጌጥ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ማህደር፣ ያቺ ይቅርታ የሰውየው ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ እየጸለይኩ በስንት ትግል ያገኘኋት ናት። ለማን ሰጠኋት? ምንም ላልበደሉኝ ሰው። አሁን ከየት ላምጣ?» አለች።

ጋሼ መኳንንት በዋስ ከወጡ በኋላ፣ ሜይ 7 ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የኩባንያው ጠበቃ እትዬ ዓለምጌጥ ቤት መጣ። ያስተረጎምኩት እኔ ስለሆንኩ የተባለውን ሁሉ አውቃለሁ። ይዞት የመጣው ወረቀት ጭስ ማውጫው የወደቀው ከማርጀቱ የተነሣ እንጂ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ግንኙነት እንደሌለው እሷ ማመኗን የሚገልጽ ነው። ከፈረመች ሚስተር ሪቭስ በአቶ መኳንንት ላይ ያቀረበውን ቃል እንደሚያነሣ፣ ካልፈረመች ግን እስከ መጨረሻው እንደሚሄድበት ጠበቃው ነገራት። ጋሼን እንደ ዕቃ መያዣ አድርገው መጡ ማለት ነው። በሕግ አገር!

እትዬ ዓለምጌጥ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ቀኟ ገና አልታዘዘላትም፤ ለመፈረም ደግሞ ግራ እጇ አልለመደም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ የምይዝላት እኔ ነበርኩ። አልከለከልኳትም፤ እኔም ጋሼ እንዲቀሩልን ፈልጌ ነበር። ከመፈረሟ በፊት ግን ለጋሼ መንገር አለብኝ ብላ ደወለች፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ጭስ ማውጫው አርጅቶ ነበር እንዴ ዓለምጌጥ?»

«አላረጀም ጋሼ። ባለፈው ዓመት ነው ያሳደስኩት።»

«ታዲያ ምን ልትፈርሚ ነው?»

«እርስዎ ይባረራሉ እኮ!»

«ስሚ። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሳስታርቅ ማንንም በውሸት አስታርቄ አላውቅም። የተጣላ ሰው እውነቱን ሳይናገር ከታረቀ በሳምንቱ ተመልሶ ይቧቀሳል። ፈርመሽ ክሱን ካስነሣሽልኝ መንገድ ላይ ሰላም አልልሽም፤ ለቀብርሽም አልመጣ።»

«ለቀብሬማ እርስዎ ይቀድሙኛል» አለች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«እንግዲያው አንቺ ለቀብሬ አትምጪ። ደህና ዋይ» ብለው ዘጉ።

እትዬ ዓለምጌጥ እስክሪብቶውን ለጠበቃው መለሰችለት። ጠበቃው ሽማግሌው እንደሚታሰሩ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ እንድጠይቃት ነገረኝ፤ ጠየቅኋት። «ታውቃለች በይው። ለሚስተር ሪቭስም ንገሪልኝ፤ ሁለተኛ ሽማግሌ አልልክበትም። ከእንግዲህ የምልክበት መጥሪያ ነው» አለች። ቃል በቃል አስተርጉሜዋለሁ፤ እንዲያውም መጥሪያ የሚለውን ሁለት ጊዜ።

የሆቴሉ አለቃዬ ኩባንያው ጥሩ ደንበኛ መሆኑን አስታውሶ፣ ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እንዳስብበት መክሮኛል። አስቤበት መጥቻለሁ።

ከላይ የሰፈረውን ቃል መኮንን ካሌብ አንብቦልኝ ያየሁትና የሰማሁት መሆኑን አውቄ ተቀብያለሁ። የጨመርኩት ንዴቴን ብቻ ነው፤ እሱም እውነት ነው። አቶ መኳንንት ጡቡን ያነሡት በሰው ላይ ለመወርወር አለመሆኑን፣ ድንጋዩን እንዲሸከም የተጠየቀው ሰው በሩን ዘግቶ መግባቱንና ምንም ያልበደለው ሰው ተሸክሞት መታሰሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። በየትኛውም ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህንኑ እናገራለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ማህደር አየለ

ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ ካሌብ በየነ